መብራትም ፖሊስም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ማን ይቅደም?

ወደ ኮሌጃችን ስንመጣና ከኮሌጃችን ስንመለስ በየቀኑ ብዙ መስቀለኛ መንገዶችን እናልፋለን። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የትራፊክ መብራት አላቸው፤ በአንዳንዶቹም ጧትና ማታ ፖሊስ ቆሞ መኪናዎችን ያሳልፋል። በየሰፈሩ ውስጥ ካሉት ትንንሽ መገናኛዎች ብዙዎቹ ግን መብራትም፣ ምልክትም፣ ፖሊስም የላቸውም። በእነዚህ ስፍራዎች ሁለት መኪናዎች በአንድ ጊዜ ሲደርሱ የሚያስማማቸው ሦስተኛ ሰው አይገኝም። ሁለቱ ነጂዎች ሳይነጋገሩ በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቆም መወሰን አለባቸው። ውሳኔአቸው አንድ ካልሆነ ወይ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ወይም ሁለቱም ይገባሉ። መቆሙ ጊዜ ያባክናል፤ መግባቱ ግን ሕይወት ያጠፋል። ይህ ውሳኔ በምን ሕግ ሊመራ እንደሚገባ መመርመር የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን አንድ ቀን ያየነው ጠብ ነው። የተሳፈርንበት ታክሲ ከአንድ የሰፈር መገናኛ ሲደርስ ከቀኝ በኩል ከመጣ ካሚዮን ጋር ሊጋጭ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሁለቱም ነጂዎች ወርደው ይከራከሩ ጀመር። የታክሲው ነጂ «ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ» አለ። የካሚዮኑ ነጂ «እኔ በቀኝህ ነኝ» ሲል መለሰ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ትልቁ ይለፍና እንሂድ» እያሉ ያስታርቁ ነበር። እኛ ዳር ቆመን ስንሰማ የሁሉም ነገር እውነት መስሎ ታየን። በኋላ ጉዳዩን ስናጠና ግን ሦስቱ ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ ሕጎችን እንደ ጠቀሱ ተረዳን። የታክሲው ነጂ የጊዜን ሕግ፣ የካሚዮኑ ነጂ የጎንን ሕግ፣ ሽማግሌው ደግሞ የማዕርግን ሕግ ተናግረዋል። ከሦስቱ ማናቸውም ብቻውን ቢሠራበት መኪናዎቹን ማሳለፍ ይችላል፤ ሦስቱ ሕጎች በአንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን መኪናዎቹ ከመጋጨታቸው በፊት ሕጎቹ ተጋጭተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሦስቱን በየተራ እንመልከታቸው።

ሀ. የማዕርግ ሕግ

ሽማግሌው የጠቀሱት ሕግ ከሁሉ ይልቅ የቆየ ነው። በአገራችን ማዕድ ቀርቦ እጅ ሲታጠቡ ታላቅ ይቀድማል። ከበር ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ታናሹ «ይቅደሙ» ብሎ ወደ ጎን ይላል። በበቅሎ ዘመን በመንገድ ላይ ታላቅ ሰው ከፊት ሲመጣ ታናሹ ከበቅሎው ወርዶ፣ ዳር ይዞ፣ እጅ ነሥቶ ያሳልፍ ነበር። ይህ ሥርዓት በዘመኑ ይሠራ የነበረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደ ሆነ በአለባበሱና በአጃቢው ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ሁለተኛ፣ የበቅሎ እርምጃ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ለማየትና ለማሰብ ጊዜ ነበረ።

በመኪና ዘመን ሁለቱም ምክንያቶች ጠፍተዋል። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ አይለይም፤ ቢለይም ወርዶ እጅ ለመንሣት ጊዜ የለም። ሥርዓቱ ግን ፈጽሞ አልቀረም፤ ማዕርጉ ከሰውየው ወደ ብረቱ ተዛወረ እንጂ። ካሚዮኑ በታክሲው ላይ፣ ታክሲው በብስክሌቱ ላይ፣ ብስክሌቱም በእግረኛው ላይ ታላቅነት ያሳያል። ክላክሱ የጎላ ሁሉ ይቀድማል። በዚህ ዓይነት የሚያሳልፈው ሰው በዕድሜ ያነሰው ሳይሆን ቢጋጭ የበለጠ የሚጎዳው ነው። የቀድሞው ቅድሚያ ከአክብሮት የመጣ ነበር፤ ይህኛው ግን ከፍርሃት የሚመጣ ነው።

እንዲህ ያለው ልማድ በእኛ ዘንድ ብቻ የሚታይ እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ብስክሌት እጅግ በሚበዛባት በኔዘርላንድ ምልክት በሌለው መገናኛ ላይ ከቀኝ ለሚመጣ መኪና ቅድሚያ መስጠት የቆየ ሕግ ነበር። ነገር ግን ከቀኝ የሚመጣው ብስክሌት ከሆነ ባለመኪናው እንዲያሳልፈው አይገደድም ነበር። ማለት ሕጉ ራሱ ለሞተር ማዕርግ ሰጥቶ ነበር። ይህ ልዩነት የተሻረው እ. ኤ. አ. ሜይ 1 ቀን 2001 ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀኝ የመጣ ሁሉ፣ በብስክሌትም ይምጣ በመኪና፣ በቀኝ የመጣ ተብሎ ይቈጠራል።

ለ. የጊዜ ሕግ

የታክሲው ነጂ የጠቀሰው ሕግ «ቀድሞ የገባ ይቅደም» የሚለው ነው። ይህ ለሰሚው ፍትሓዊ ሆኖ ይታያል፤ በወፍጮ ቤትም ሆነ በውሃ ቧንቧ ሰው ሁሉ ተራውን የሚጠብቀው በዚሁ ሕግ ነውና። በአሜሪካ ካሊፎርኒያን በመሰሉ ክፍላተ ሀገር ሕጉ ወደ መገናኛው የሚቀርበው ነጂ አስቀድሞ የገባውን መኪና እንዲያሳልፍ ያዛል።

ሆኖም ይህ ሕግ ብቻውን ሲቆም ሁለት ጉድለት ይታይበታል። የመጀመሪያው ዳኛ የሌለው መሆኑ ነው። በወፍጮ ቤት ማን እንደ ቀደመ ተሰላፊው ሁሉ ይመሰክራል። በመንገድ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጂ አጥርቶ የሚያውቀው የራሱን አደራረስ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከጠብ በኋላ ሁለቱም ያለ ሐሰት «እኔ ቀደምሁ» ሊሉ ይችላሉ። ሁለተኛው ጉድለት ከፊተኛው የባሰ ነው። ቀድሞ የገባ ይቅደም ከተባለ፣ ለመቅደም የሚፈልግ ሰው ከመገናኛው አጠገብ ሲደርስ ፍሬን በመያዝ ፈንታ ነዳጅ ይረግጣል። እንግዲህ ሕጉ ዝግ ማለት በሚገባበት ስፍራ ለሚፈጥነው ሽልማት ሰጠ ማለት ነው።

ስለዚህ አሜሪካውያን የጊዜን ሕግ ብቻውን አልተዉትም። በአንዳንድ መገናኛዎች ላይ በአራቱም ወገን «ቁም» የሚል ምልክት ያቆማሉ። ሁሉም መጀመሪያ መቆም ስላለበት እሽቅድምድሙ ይቀርና ቀድሞ የቆመው ቀድሞ ይሄዳል። ሁለት መኪናዎች ባንድ ጊዜ የደረሱ እንደ ሆነ ደግሞ በግራ ያለው በቀኝ ያለውን ያሳልፋል። ይኸውም የጊዜ ሕግ መልስ ባጣበት ስፍራ የጎን ሕግ ይገባል ማለት ነው።

ሐ. የጎን ሕግ

እ. ኤ. አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1968 በቬየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ዓለም አቀፍ ስምምነት በ18ኛው አንቀጹ ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። በዚህ አንቀጽ መሠረት በቀኝ በሚነዳባቸው አገሮች፣ ሌላ ምልክት በሌለበት መገናኛ፣ ነጂ ሁሉ ከቀኙ ለሚመጣው ተሽከርካሪ ቅድሚያ ይሰጣል። በግራ የሚነዱ አገሮች ግን እንደሚመቻቸው እንዲደነግጉ ተትቶላቸዋል።

ስለምን ቀኝ ተመረጠ? የሚከተለውን ሥዕል አንባቢ በወረቀት ላይ ቢነድፈው ምክንያቱ ይገለጥለታል። ሁለት መንገዶች እንደ መስቀል ተቋርጠዋል እንበል። የመገናኛውን አደባባይ በአራት እኩል ክፍል እንክፈለው። አንዱ መኪና ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ሁለቱም የየመንገዳቸውን ቀኝ ይዘዋል። ወደ ሰሜን የሚሄደው የመንገዱን ምሥራቃዊ ግማሽ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ደግሞ የመንገዱን ደቡባዊ ግማሽ ስለ ያዘ፣ ሊጋጩ የሚችሉት ከአራቱ ክፍሎች በደቡብ ምሥራቁ ላይ ነው። አሁን ወደ ሰሜን የሚሄደው መኪና ወደ መገናኛው እንደ ገባ ወዲያው ከዚህ ክፍል ላይ ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ግን አስቀድሞ የደቡብ ምዕራቡን ክፍል ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ ለመቆም የመንገዱን ግማሽ ስፋት ያህል ተጨማሪ ርቀት አለው፤ መንገዱ 8 ሜትር ቢሆን 4 ሜትር ያህል ማለት ነው። ሌላው መኪና ከቀኙ የሚመጣበትም ይኸው ተጨማሪ ርቀት ያለው ነጂ ነው። እንግዲህ «ለቀኝ ቅድሚያ ስጥ» ማለት «ለመቆም የሚመቸው ይቁም» ማለት ነው።

በግራ በሚነዳበት አገር ሥዕሉ እንደ መስተዋት ይገለበጣል፤ ተጨማሪውን ርቀት የሚያገኘው ሌላው መኪና ከግራው የሚመጣበት ነጂ ይሆናል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ. ም. በግራ ትነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተዛወረች። ስዊድንም እ. ኤ. አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 እንዲሁ አደረገች። በነዚያ ቀኖች የተለወጠው የመንገዱ ዳር ብቻ አልነበረም። ከላይ የነደፍነው ሥዕል በየመገናኛው ሁሉ ተገልብጧል።

ሆኖም የሥዕሉ ሒሳብ ብቻውን ሕግ አይሆንም። በግራ የሚነዱት አውስትራሊያውያን ሒሳቡ ወደ ግራ ቢያመለክትም ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣሉ። እንግሊዞች ደግሞ በመመሪያቸው ላይ ምልክት በሌለው መገናኛ ማንም ቅድሚያ የለውም ይላሉ፤ እያንዳንዱ ነጂ ተጠንቅቆ እንዲያልፍ ይታዘዛል። ከዚህ የምንማረው የሕጉ ዋና ጥቅም በየትኛው ጎን ላይ እንዳለ ሳይሆን፣ ሁለቱ ነጂዎች አንድ ሕግ ማወቃቸው ነው።

የጎን ሕግ ግን ሌሎቹ ሁለቱ የሌላቸው አንድ ትልቅ ጠባይ አለው። ታላቅነትን በሀብት ማግኘት ይቻላል፤ ቀዳሚነትን በፍጥነት ማግኘት ይቻላል። ቀኝን ግን ማንም ሊገዛው ወይም ሊሽቀዳደምበት አይችልም። ሚኒስትሩም፣ ተማሪውም፣ ባለካሚዮኑም በአንድ መገናኛ በቀኝ፣ በሚቀጥለው መገናኛ በግራ ይሆናሉ። ዛሬ ያሳለፈ ነገ ያልፋል። በሕግ ፊት እኩል መሆን ማለት ምን እንደ ሆነ ለመማር ከዚህ የበለጠ የዕለት ተዕለት ትምህርት ቤት አይገኝም ብለን እናምናለን።

መ. ከጎን ሕግ ውጭ የሆኑ ነገሮች

ከዚህ በላይ የተነገረው ሕግ በሁሉ ስፍራ አይሠራም። የቬየናው ስምምነት ራሱ የሚከተሉትን ይለያል። ከግቢ ወይም ከነዳጅ ማደያ ወደ መንገድ የሚወጣ ነጂ በቀኝ ቢሆንም በመንገዱ ላይ ያሉትን ያሳልፋል። ከእግር መንገድ ወይም ጥርጊያ ካልሆነ የአፈር መንገድ ወደ ደንበኛው መንገድ የሚገባም እንዲሁ ነው። ወደ ግራ የሚታጠፍ ነጂ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ያሳልፋል፤ በሚታጠፍበት መንገድ መግቢያ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ ካለም ዝግ ብሎ ለሚሻገሩት ይቆማል። በሐዲድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ በቶሎ ሊቆምና ዞር ሊል ስለማይችል ሌሎች ያሳልፉታል። ድምፁን እያሰማ የሚሄድ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪናም መንገድ ይለቀቅላቸዋል። ይህ የመጨረሻው የማዕርግ ሕግ ቅሬታ ይመስላል፤ ነገር ግን ክብሩ ለመኪናው ሳይሆን በውስጡ ለተኛው በሽተኛ ወይም ቤቱ ለሚቃጠልበት ሰው ነው።

አደባባይም የተለየ ነው። በፓሪስ ከተማ 12 ጎዳናዎች በሚገናኙበት በኤትዋል አደባባይ የጎን ሕግ እንደ ጥንቱ ይሠራበታል። በውስጥ የሚዞረው መኪና ከቀኙ ለሚገባው ይቆማል። ችግሩ ግልጽ ነው፤ የሚገባው ሁሉ ቅድሚያ ካለውና የሚወጣው ከቆመ አደባባዩ ይሞላል። እንግሊዞች ይህን አይተው እ. ኤ. አ. በ1966 የሚገባው በውስጥ ያለውን እንዲያሳልፍ ደነገጉ። ፈረንሳዮችም ከ1984 ጀምሮ በመግቢያው ላይ ምልክት በቆመባቸው አደባባዮች ይህንኑ ተከተሉ።

ሕጉ ፈጽሞ መልስ የማይሰጥበት አንድ ስፍራም አለ። አራት መኪናዎች ከአራቱ ማዕዘን ባንድ ጊዜ ቢደርሱ እያንዳንዱ በቀኙ አንድ መኪና አለው። ሁሉም ሕግ አክባሪ ከሆኑ ሁሉም ይቆማሉ፤ አንዱም አይሄድም። የኮምፒዩተር ሊቃውንት አንዱ ሥራ ሌላውን ሲጠብቅ ሁሉም የሚቆሙበትን ሁኔታ ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ይህንኑ መስቀለኛ መንገድ በምሳሌነት ያቀርባሉ። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ከሚሆነው አይለይም። መፍትሔውም አንድ ነው፤ ከአራቱ አንዱ መብቱን ትቶ በእጁ ምልክት ሌላውን ያሳልፋል። ያን ጊዜ ቀለበቱ ይፈታል። ሕግ ባለቀበት ትሕትና ይጀምራል።

ሠ. ሕጉና ፍጥነት

እስከ አሁን የተናገርነው ነጂው ሊቆም የሚችል መሆኑን አስቀድመን ገምተን ነው። ስምምነቱ ግን ይህን ግምት በራሱ ትእዛዝ አድርጎ ጽፎታል። ነጂ ወደ መገናኛ ሲቀርብ ቅድሚያ ያለውን ለማሳለፍ መቆም በሚችልበት ፍጥነት ብቻ እንዲነዳ ያዛል። ይህ ምን ያህል ፍጥነት እንደ ሆነ በፊዚክስ ትምህርታችን ልንገምተው እንችላለን።

ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል። በደረቅ አስፋልት የጎማው የሰበቃ መጠን 0.7፣ በእርጥብ አስፋልት 0.4 ነው እንበል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ መንገድ እስኪቆም 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ30 ኪሎ ሜትር 13 ሜትር፣ በ40 ኪሎ ሜትር 20 ሜትር፣ በ60 ኪሎ ሜትር 37 ሜትር ያህል ይፈጅበታል። ዝናብ ሲዘንብ በ20 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር፣ በ30 ኪሎ ሜትር 17 ሜትር፣ በ40 ኪሎ ሜትር 27 ሜትር ያህል ይሆናል።

አሁን በማዕዘኑ ላይ የቆርቆሮ አጥር ወይም ግንብ አለ እንበል፤ ነጂው ከቀኝ የሚመጣውን የሚያየው ከመጋጫው ስፍራ 15 ሜትር ሲቀረው ነው። በ30 ኪሎ ሜትር የሚነዳው በደረቅ መንገድ ሊያሳልፍ ይችላል። በ40 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን ሕጉን በቃሉ ቢያውቀውም፣ ሊያከብረውም ከልቡ ቢፈልግ፣ አይችልም። በክረምት ደግሞ በ30 ኪሎ ሜትር የሚነዳውም አይችልም። ስለዚህ ሕጉን የሚጥሰው በመገናኛው ላይ አይደለም፤ መገናኛው ሳይታየው ከአጥሩ ኋላ ሳለ ጥሶታል።

ጀርመኖች ይህን ዝምድና ለጥቅም አውለውታል። ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ በተከለሉት የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ በመገናኛዎች ላይ የቅድሚያ ምልክት ማቆም ትተው በጠቅላላው «ቀኝ ከግራ ይቅደም» የሚለውን ሕግ ያሠሩበታል። ነጂው በየመገናኛው ከቀኙ ሰው ሊመጣ ይችላል ብሎ ስለሚጠብቅ ዝግ ይላል። ምልክቱ አለመኖሩ ራሱ ምልክት ሆነለት ማለት ነው።

መደምደሚያ

በቋንቋችን «ቅድሚያ አለኝ» እንላለን፤ በመንገድ ላይ የሚቆመው ምልክት ግን «ቅድሚያ ስጥ» ነው የሚለው። ከሁለቱ አነጋገሮች ምልክቱ ከሕጉ መንፈስ ጋር ይስማማል ብለን እናምናለን። በስምምነቱ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ለሚያሳልፈው ሰው የተሰጠ ነው። የሚያልፈው ሰው የሚያገኘው ሌላው ግዴታውን ሲፈጽምለት ብቻ ነው። ያ ሌላው ሰው ባያየው፣ ወይም መቆም ባይችል፣ በቀኝ መሆኑ ከሞት አያድነውም። ስለዚህ በነጂነት ትምህርት ላይ «ማን ይቀድማል?» ተብሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን ያሳልፋል?» ተብሎ ቢለወጥ መልካም ነው። እንዲሁም በየማዕዘኑ እይታን የሚጋርደው አጥርና ቁጥቋጦ ዝቅ ቢል፣ ምልክት ከማቆም ባነሰ ወጪ ብዙ አደጋ ሊከለክል ይችላል።

ወደ ታክሲውና ወደ ካሚዮኑ እንመለስ። በቬየናው ስምምነት ቢዳኙ ማሳለፍ የነበረበት የታክሲው ነጂ ነው። ነገር ግን የካሚዮኑም ነጂ አንድ ክንድ እስኪቀረው ድረስ በቀኝ መሆኑን ብቻ ተማምኖ መምጣቱ አያስመሰግነውም። ጠቡ ያለቀው ግን በዳኝነት አይደለም። ከኋላቸው የተሰለፉት መኪናዎች ክላክስ ሲያበዙባቸው የካሚዮኑ ነጂ ወደ መቀመጫው ወጣ፤ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ መለስ ብሎም በእጁ «እለፍ» አለ። የታክሲው ነጂ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነና አለፈ። ሽማግሌው «ይኸው፣ ትልቅ ማለት ይህ ነው» አሉ።